8000 ብር የወጣበት ካሜራ ለምን ከፊልሙ አነሰ?

ሰሞኑን የሃያ ዓመት ካሜራ እንደገና ተፈላጊ ሆኗል። እዚህ ባሕር ዳርም የማውቃቸው ልጆች የእናት አባታቸውን ቁም ሳጥን እየበረበሩ ነው። ያቺ ብርማ፣ ሌንሷ እያጓራ የሚወጣ ዲጂታል ካሜራ ከተገኘች ጣና ዳር ፎቶ መነሻ ትሆናለች። ወላጆች ግን ግራ ይገባቸዋል። "እሷ እኮ ያኔ ስንት ተከፍሎባት አንድ የረባ ፎቶ አላወጣችም" ይላሉ።

እውነታቸውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ግድም ከውጭ በዘመድ እጅ የመጣ ዲጂታል ካሜራ ጎጃም ውስጥ ብርቅ ነበር። ባለ 2 ሜጋፒክስሉ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1999 ገበያ ሲወጣ እስከ 1000 ዶላር ይሸጥ ነበር። በጊዜው ምንዛሬ 8000 ብር ገደማ ማለት ነው። ያን ያህል ወጥቶበት ግን ያነሳው የሰርግ ፎቶ፣ የደብረ ማርቆስ ፎቶ ቤት በተራ ፊልም ካሜራ ካነሳው ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥ አነሰ። ገዢው "ተበላሁ" አለ። ሌላው "ችግሩ ከአንተ ነው፣ አትችልበትም" አለው። ሁለቱም ልክ አልነበሩም። ምክንያቱ ያለው ካሜራው አሠራር ላይ ነው፤ ያውም ብዙ ሰው በሚጠረጥረው ቦታ አይደለም።

ሜጋፒክስል የሚሉት ምንድን ነው?

ብዙ ሰው የሚጠረጥረው ይሄን ነው። ስለዚህ ከእሱ እንጀምር።

ሞሰብ ሲሰፋ አይታችሁ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ሰፊዋ በወስፌ እየወጋች ስንደዶውን በአክርማና በቀለም በተነከረ አለላ ትጠቀልላለች። እያንዳንዷ ስፌት አንድ ቀለም ብቻ ትይዛለች። ከሩቅ የምናየው አበባ የነዚያ ስፌቶች ድምር ነው። ቀረብ ብላችሁ ብታዩት የአበባው ጠርዝ ደረጃ ደረጃ ነው። ስፌቱ በረቀቀ ቁጥር ደረጃው እየጠፋ ይሄዳል። የዲጂታል ፎቶ አንዷ ስፌት ፒክስል ትባላለች። አንድ ሚሊዮን ፒክስል አንድ ሜጋፒክስል ነው። ብርሃኑን ተቀብሎ ወደ ፒክስል የሚለውጠው የካሜራው ክፍል ደግሞ ሴንሰር ይባላል።

መጀመሪያ ላይ ስፌቱ በጣም ወፍራም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 የኮዳክ መሐንዲስ ስቲቭን ሳሰን የሠራው ዲጂታል ካሜራ 100 በ100፣ ማለትም 10,000 ፒክስል ብቻ ነበረው። አንዷን ጥቁርና ነጭ ፎቶ ካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሴኮንድ ይፈጅበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 አፕል ለተራው ሰው ያወጣው ክዊክቴክ 100 ዋጋው 749 ዶላር ነበር። በሙሉ ጥራት፣ 640 በ480 ፒክስል፣ የሚይዘው 8 ፎቶ ነው። ስምንት ብቻ። ያን ፎቶ በተለመደው 10 በ15 ሴንቲ ሜትር ወረቀት ላይ ስታትሙት ደረጃ ደረጃው በዓይን ይታያል።

ሌላም ነገር አለ። ሴንሰር በራሱ ቀለም አይለይም፤ የሚያውቀው የብርሃን መጠን ብቻ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ፒክስል ላይ ቀይ፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ማጣሪያ ይደረግበታል። ይህን አደራደር የኮዳኩ ብራይስ ቤየር እ.ኤ.አ. በ1976 የፈጠራ መብት አስመዝግቦበታል። ግማሹ ፒክስል አረንጓዴ፣ ሩቡ ቀይ፣ ሩቡ ሰማያዊ ያያል። የቀሩትን ሁለት ቀለሞች ካሜራው ከጎረቤት ፒክስሎች እየገመተ ይሞላል። ግምቱ ብዙ ጊዜ ልክ ይመጣል። እንደ ሐበሻ ቀሚስ ጥለት ያለ ደቃቅ፣ ተደጋጋሚ ንድፍ ላይ ግን ይሳሳታል። ጥለቱ ላይ ያልነበረ ቀለም ሲወዛወዝ የምታዩት ለዚህ ነው።

ቢሆንም እ.ኤ.አ. በ1999 ባለ 2 ሜጋፒክስሉ 1600 በ1200 ደርሶ ነበር። ይህ ለ10 በ15 ሴንቲ ሜትር ፎቶ ይበቃል። አልበም ውስጥ የምንከታቸው ፎቶዎች ደግሞ አብዛኞቹ ይህን ያህል ናቸው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር አልዋሸም ማለት ነው።

ፒክስሉ ከበቃ ምን ጎደለ?

ብርሃን ጎደለ። ብርሃኑን የሚቀበለው ገጽ ሲጠብ የሚሰበሰበውም ያንሳል። የተለመደው ፊልም አንዱ ፍሬም 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው። የዚያን ጊዜዎቹ ባለ 2 ሜጋፒክስል ካሜራዎች ሴንሰር ባብዛኛው 6.4 በ4.8 ሚሊ ሜትር ነበር። አባዝታችሁ ብታዩት ፊልሙ 28 እጥፍ ይሰፋል። ሁለት ሚሊዮን ፒክስል ከትንሿ ጣት ጥፍር በምታንስ ነገር ላይ ታጭቋል።

ደጅ ላይ፣ በጎጃም ፀሐይ፣ ይህ ብዙም አይታወቅም። ጣጣው የሚመጣው ጥላ ውስጥ ሲገባ ነው። ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገብታችሁ ከሆነ የመቅደሱን ግድግዳ የሸፈነውን ስዕል ታውቁታላችሁ። ብርሃኑ የሚገባው በበሮቹ ነው። ዓይናችን ትንሽ ቆይቶ ይለምደዋል። ካሜራው ግን ያለው ምርጫ ሁለት ነው። አንደኛው ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ ማርዘም ነው፤ ያኔ እጅ ይንቀጠቀጥና ፎቶው ብዥ ይላል። ሁለተኛው የደረሰውን ትንሽ ምልክት በኤሌክትሪክ ማጉላት ነው። ሲያጎላ ደግሞ የሴንሰሩን የራሱን ረብሻ አብሮ ያጎላል። ጥቁር መሆን የነበረበት ጥግ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ነጠብጣብ ይሞላል። ይህ ነጠብጣብ ኖይዝ ይባላል። የማጉያው ቁጥር አይኤስኦ ነው። ያኔ ባለ አይኤስኦ 400 ፊልም ገዝቶ ደህና ፎቶ ማንሳት የተለመደ ነበር። ትንሹ ዲጂታል ግን 400 ላይ ሲደርስ ፎቶው ለዓይን ይከብዳል።

ፍላሽስ? ትንሽ ካሜራ ላይ ያለ ፍላሽ ቢደርስ ሦስት ሜትር ገደማ ነው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ብርሃን ሩብ ይሆናል። ስለዚህ ማታ ዳስ ውስጥ ስታነሱ ፊት ያለው ሰው ይነጣል፤ ከኋላ የተቀመጠውን ዘመድ አዝማድ ጨለማ ይውጠዋል። ይህ ግን የትንሽ ፊልም ካሜራም ችግር ስለነበር ጥፋቱን ሁሉ ዲጂታሉ ላይ መጣል ተገቢ አይደለም።

ነጭ የለበሰ ሰው ፊቱ ለምን ይጠቁራል?

በእኔ ግምት ቅሬታው በዋናነት የመጣው ከዚህ ነው። ይህን ጉዳይ የሚያወራው ሰው ግን አይገኝም።

ያኔ የነበረ ካሜራ ፊትና ነጠላ አይለይም። ከፊቱ ያለውን ሁሉ አማካይ ወስዶ "ይህ መካከለኛ ግራጫ መሆን አለበት" ብሎ ነው የሚነሳው። ጥር 11 ታቦት አጅቦ የሚሄደው ሕዝብ ደግሞ ነጭ በነጭ ነው። ካሜራው ብርሃን የበዛ ይመስለውና ይቀንሳል። የሚወጣው ግራጫ ነጠላና ማን እንደሆነ የማይለይ ፊት ነው። በተቃራኒው ሁለት ሰዎች ቀርበው ጠየም ያለ ፊታቸው ፍሬሙን ሲሞላው ካሜራው ብርሃን ያነሰ ይመስለውና ይጨምራል። ያኔ ፊታቸው ያምራል፣ ነጠላው ይቃጠላል።

ተቃጠለ ሲባል ምን ማለት ነው? አንድ ፒክስል የሚይዘው ብርሃን ልክ አለው። ከሞላ በኋላ የሚመጣው ብርሃን ሁሉ አንድ ቁጥር ሆኖ ይመዘገባል። እሱም ፍጹም ነጭ ነው። እኛ ቤት አንድ ፎቶ አለ። አክስቴ የለበሰችው ነጠላ ጥለቱ አረንጓዴ ነበር። ፎቶው ላይ ከትከሻዋ እስከ ክርኗ አንድ ወጥ ነጭ ነው። የሸማው እጥፋት የለም፤ ከጥለቱም የቀረው ጥላ የወደቀበት ጫፉ ብቻ ነው። ኮምፒውተር ላይ ብታጨልሙት ግራጫ ይሆናል እንጂ ክሩ አይመለስም። መጀመሪያውኑ አልተመዘገበም።

ኔጋቲቭ ፊልም በዚህ በኩል ቻይ ነው። ብርሃን ሲበዛበት በድንገት አይቆርጥም፣ ቀስ እያለ ነው የሚጠግበው። የነጠላው እጥፋት ሳስቶም ቢሆን እዚያ ይኖራል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ፎቶ ቤቱ ውስጥ አንድ ሰው ነበር። ፊልሙን አጥቦ የሚያትመው ባለሙያ ኔጋቲቩን እያየ "ይሄ ጠቁሯል" ብሎ ያነጣዋል፣ "ይሄ የአምፖል ብርሃን ነው" ብሎ ቢጫነቱን ይቀንሳል። ማሽን ቢኖረውም ማሽኑን የሚያስተካክለው እሱ ነው። እኛ ፎቶውን ተቀብለን "ካሜራው ጥሩ ነው" ስንል የእሱን ሥራ ጭምር ነበር የምናደንቀው። ዲጂታሉ መጣና ይህን ሰው ከመሃል አወጣው። ያ ሁሉ ውሳኔ ካሜራው ውስጥ ላለች ደካማ ፕሮሰሰር፣ ማለትም ስሌት ለምትሠራ ቺፕ፣ ተሰጠ። እሷም በአንድ አፍታ ወስና የቀረውን ጣለችው።

ጣለችው የምለው ካሜራው ፎቶውን ጄፔግ በሚባል ዘዴ ጨምቆ ስለሚያስቀምጥ ነው። ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ ይይዛል። ፎቶውን 8 በ8 ፒክስል ወደሆኑ ካሬዎች ከፋፍሎ ደግሞ ዓይን ልብ አይለውም የሚለውን ዝርዝር ይቀንሳል። ሰማይና ግድግዳ ላይ ይሳካለታል። ጢስ ዓባይ ሄዳችሁ ፏፏቴውን ስታነሱ ግን የሚረጨው ውሃ በሙሉ ዝርዝር ነው። ፎቶው የሚቀመጥበት ካርድ ብዙ እንዲይዝ ተብሎ ጥራቱ ከተቀነሰ ጢሱ ካሬ ካሬ ሆኖ ይወጣል።

ቁልፉን ስንጫን ፈረሱ የት ሄደ?

ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር ያን ካሜራ ይዞ የተገኘ ሰው ይህን ያውቃል። ፈረሱ ፊት ለፊት ሲደርስ ቁልፉን ይጫናል። ፎቶው ላይ የሚያገኘው ጭራና አቧራ ነው።

ካሜራው ቁልፉ ከተጫነ በኋላ ነው ሥራ የሚጀምረው። ሌንሱን ወደፊትና ወደኋላ እያንቀሳቀሰ ምስሉ የቱ ጋ ጥርት እንደሚል ይፈልጋል። ከዚያ ብርሃኑን ይለካል፣ ቀለሙን ይወስናል፣ ከዚያ ያነሳል። ይህ ሁሉ ግማሽ ሴኮንድ፣ አንዳንዴም ከአንድ ሴኮንድ በላይ ይወስዳል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚጋልብ ፈረስ ደግሞ በአንድ ሴኮንድ 11 ሜትር ይሄዳል። የሚቀጥለውን ልታነሱ ስትሉ ካሜራው የመጀመሪያውን ካርድ ላይ እየጻፈ ነው፤ ቆሞ መጠበቅ ነው።

ለዚህ ያኔም መፍትሔ ነበረው። ቁልፉን ግማሽ ድረስ ተጭኖ ፈረሱ የሚያልፍበትን መሬት አስቀድሞ ማስለካት፣ ሲደርስ ደግሞ ሙሉ በሙሉ መጫን ነው። ይህ መመሪያው ደብተር ላይ ተጽፏል። መመሪያውን ግን ማን ያነባል? ያውም በባዕድ ቋንቋ።

ባትሪው ለምን ወዲያው ያልቅ ነበር?

ብዙዎቹ አራት ባትሪ ድንጋይ ይጎርሳሉ። ስክሪኑ፣ የሌንሱ ሞተር፣ ፍላሹ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ብዙ ጉልበት ይጠይቃሉ። ከሱቅ የሚገዛው ተራ ባትሪ ድንጋይ የተሠራው ለሬዲዮና ለእጅ ባትሪ፣ ማለትም ቀስ ብሎ ለሚጠባ ዕቃ ነው። በድንገት ብዙ ሲጠየቅ ቮልቴጁ ይወርዳል። ካሜራውም "አልቋል" ብሎ ይጠፋል። ባትሪው ግን አላለቀም። ያንኑ አውጥታችሁ ሬዲዮ ውስጥ ብትከቱት ገና ብዙ ቀን ያዘፍናል።

የሚሻለው ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ የሚባለው፣ ቻርጅ የሚደረገው ዓይነት ነበር። ቻርጀሩ ደግሞ መብራት ይፈልጋል። መብራት ያልገባበት የገጠር ሰርግ ላይ ካሜራው ከሙሽሪት መምጣት በፊት ያበቃለታል። ብዙዎቹ ፊልም ካሜራዎች በሁለት ባትሪ ፊልም በፊልም ላይ ይጨርሱ ነበር፤ ያለ ባትሪ የሚሠሩም ነበሩ።

ካርዱም የዚሁ ታሪክ ክፍል ነው። 8 ሜጋባይት ካርድ በጥሩ ጥራት ከአሥር ብዙም የማይበልጥ ፎቶ ይይዛል። ፊልም ሲያልቅ ከሱቅ ሌላ ይገዛል፤ 36 ፎቶ ያነሳል። ካርድ ሲሞላ ግን ወይ መደምሰስ ነው፣ ወይ ኮምፒውተር መፈለግ ነው። የካሜራው ዋጋ የተተመነው ቤቱ ኮምፒውተርና ማተሚያ ላለው ሰው ነበር። ለሌላው ግዢው በ1000 ዶላር አላበቃም።

ይህ ሁሉ ጉድለት እያለ ዋጋው ለምን ተወደደ?

ሴንሰሩ ሲሲዲ የሚባል ዓይነት ነበር። ሲሲዲን ዊላርድ ቦይልና ጆርጅ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1969 ቤል ላብስ በሚባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ውስጥ ፈጠሩት፤ በ2009 የፊዚክስ ኖቤል አስገኝቶላቸዋል። ችግሩ የራሱ የሆነ የማምረቻ ሂደት መፈለጉ ነው። ገዢው ደግሞ ትንሽ ነበር። የምርምሩ ወጪ በጥቂት ሰው ኪስ ላይ ወደቀ። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ኤሪክ ፎሰም ናሳ ውስጥ ሆኖ ከባልደረቦቹ ጋር ያዳበረው ሲሞስ ሴንሰር ከተራ የኮምፒውተር ቺፕ ጋር በሚቀራረብ መንገድ ይመረታል። ዋጋው ወርዶ ስልክ ውስጥ የገባው በዚህ በኩል ነው።

ገዢው የከፈለው ደግሞ ለፎቶ ጥራት ብቻ አልነበረም። ያነሳውን እዚያው ለማየትም ነው። ይህን አግኝቷል። እ.ኤ.አ. በ1995 ካሲዮ ኪውቪ 10 ከኋላው ስክሪን ይዞ ሲመጣ ፎቶው 320 በ240 ብቻ ነበር፤ ሰው ግን ለስክሪኑ ብሎ ገዛው። አገራችን ውስጥም ካሜራው የመጣ ቀን የተደሰተው ቤተሰብ በሙሉ ስክሪኗን ተሻምቶ ነው። ኩርፊያው የመጣው ፎቶው ታትሞ እጅ ሲገባ ነው።

የስልኬ ሴንሰርስ ትንሽ አይደል እንዴ?

ነው፤ ትንሽ ነው። ልዩነቱ ሁለት ነገር ላይ ነው። አንደኛ፣ ዛሬ የሴንሰሩ ሽቦዎች ከጀርባ ስለሚደረጉ ብርሃን አይጋርዱም። ሁለተኛ፣ ስልካችሁ አንድ ጊዜ ስትጫኑ ብዙ ፎቶ ያነሳል። ከጨለማው ፊቱን፣ ከደማቁ ነጠላውን ወስዶ ያዋህዳቸዋል፤ ነጠብጣቡንም እያነጻጸረ ያጠፋዋል። ፊት መሆኑንም ያውቃል። የፎቶ ቤቱ ባለሙያ ይሠራ የነበረው ማስተካከያ በሶፍትዌር ተመልሶ መጥቷል። አንዳንዴ እንደውም ያበዛዋል፤ ሰውን ሁሉ ፊቱን ያለሰልሰዋል።

ልጆቹ ወደ አሮጌው ካሜራ የሸሹት በከፊል ለዚህ ነው። የተቃጠለው ነጭ፣ ጨካኙ ፍላሽ፣ ያልተለሰለሰው ቆዳ ለእነሱ ጣዕም አለው። ወላጆቻቸውን ያናደደው ያው ነገር ነው። ማን ይፈርዳል?

ታዲያ አሁን ልግዛ ወይ?

ቁም ሳጥን ውስጥ ካለ በነፃ ነው፤ ሞክሩት። የምትገዙ ከሆነ ግን መጀመሪያ ካርዱን ተመልከቱ። ስማርትሚዲያና ኤክስዲ የሚባሉት ካርዶች ዛሬ አይመረቱም፤ ካርድ የሌለው እንዲህ ያለ ካሜራ ምንም አይሠራላችሁም። ኤስዲ የሚጎርስ ከሆነ ይሻላል። እሱም ቢሆን አሮጌው ኤስዲኤችሲ የሚባለውን ትልልቅ ካርድ አያነብም፤ 2 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በታች ፈልጉለት።

ባትሪው የራሱ ቅርጽ ያለው ከሆነ ቻርጀሩ መኖሩን ጠይቁ። ባትሪ ድንጋይ የሚወስደው የተሻለ ነው፤ ቻርጅ የሚደረግ አራት ፍሬ ግዙለት። ከዚያ ደጅ አውጥታችሁ አንድ ነጭ የለበሰ ሰው አንሱ። የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለባትን ቁልፍ ፈልጉ። ፊቱ ከጠቆረ ወደ መደመር አንድ ደረጃ፣ ነጠላው ከተቃጠለ ወደ መቀነስ አንድ ደረጃ ወስዳችሁ ድገሙት። ፎቶው ወይን ጠጅ ቀለም ከሆነ ወይም መስመር መስመር ከሠራ ሴንሰሩ ሞቷል፤ በየትኛውም ዋጋ አትውሰዱት።